ማንም ያልደፈረው አረንጓዴ

ልጄ ሚጣ ከአክስቷ ጋር ለመኖር ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ጊታር ካልገዛህ ብላ ያዘችኝ። ሚጣ የምላት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው። አሁን ቁመቷ ከእኔ እኩል ሆኗል፤ ግን የለመደ አፍ ምን ይደረጋል። አክስቷ፣ የሟች ሚስቴ እህት ማለት ናት፣ እሁድ ጠዋት በመኪናዋ መጥታ ልትወስዳት ተነጋግረው ጨርሰዋል። አክስቷ ባለችበት ከተማ ትምህርቷን ትቀጥላለች፣ ከአክስቷ ልጆች ጋር ትኖራለች። ይህን ሁሉ የተነጋገሩት እዚያው እኔ ፊት ነው። ምን ትላለህ ብለውም ጠይቀውኛል። እንደወደዳችሁ አልኳቸው።

ያን ሰሞን ለሁሉም ነገር መልሴ ያችው ነበረች። እራት ምን ይሠራ? እንደወደድሽ። መጋረጃው ይታጠብ? እንደወደድሽ። የእማዬ ልብሶች ለማን ይሰጡ? እንደወደድሽ። ሰዉ ትዕግሥት መስሎት «እንዴት ያለ ቻይ ሰው ነው!» እያለ ያደንቀኛል። ዝም አይነቅዝም ያለኝም አለ። ቻይነት ቢሆን ኖሮ እኔም በራሴ በኮራሁ፤ የምችለው ነገር ግን አልነበረም። ምንም አይሰማኝም ነበር፣ አለቀ።

ሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪሙ የበሽተኛውን የአፍ ልክ ይልክልኛል፣ እኔ ከክሊኒኩ ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ቁጭ ብዬ እቀርጻለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ ቀለም አመሳስላለሁ። በእኛ ሙያ ጎበዝ የሚባለው ሥራው ያልታየለት ሰው ነው። ጥርሱ በሻይና በሲጋራ ለወየበ ሰውዬ በረዶ የመሰለ ጥርስ ብተክልለት፣ በሳቀ ቁጥር እኔን ነው የሚያሰድበኝ። ስለዚህ ዕድሜ ልኬን ስፈልግ የኖርኩት ዓይን የማይስብ ቀለም ነው። ልብሴም፣ ቤቴም፣ ንግግሬም እንደዚያው ሆነው ቀሩ።

ሚስቴ ስትሞት አላለቀስኩም። ወንድ አይደል እንዴ ብለው አለፉልኝ። ክሊኒካችን ውስጥ ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ከንፈሩን ነክሶ ያደማና አይታወቀውም፣ የሚነግረው ከጎኑ ያለ ሰው ነው። ለእኔ የምትነግረኝ ሚጣ ነበረች። አባዬ ሸሚዝህን ገልብጠህ ለብሰሃል፣ አባዬ ጠዋትም አልበላህም፣ አባዬ ውኃው ፈልቶ አልቋል። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የትልቅ ሰው ኃላፊነት ተሸክማ አንድም ቀን አልተነጫነጨችም።

ቀድሞ ጊታር ነበረኝ። ማታ ሚጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ፣ እናቷ ልብስ ስትተኩስ፣ እኔ ጥግ ይዤ እከረክራለሁ። ሙዚቀኛ ነኝ አልልም። ሚስቴ እንደውም አንዷን ዘፈን እንኳን ጨርሰህ አታውቅም እያለች ታሾፍብኝ ነበር። የሐዘኑ ሰሞን ቤቱ በሰው ሲጨናነቅ አንዱ ሰው ጊታሩን ሶፋ ላይ አስቀምጦ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎበት ኖሯል፤ ጎረቤታችን መጣና ዘፍ አለበት። ይህ ጎረቤታችን ከግዝፈቱ የተነሣ ሰፈሩ ዶዘር ይለዋል፤ ከዚህ በላይ መግለጽ አያስፈልገኝም። ጓ ሲል ለቀስተኛው ሁሉ ደነገጠ። ዶዘር ስብርባሪውን ታቅፎ፣ ሐዘን ልደርስ መጥቼ ሐዘን ጨመርኩ እያለ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ ምንም አይደለም አልኩት፣ የምሬን ነበር።

ሚጣ የጊታሩን ነገር ያነሣችው ጭር ባለ ቤት ጥላኝ መሄዱ ስለከበዳት ነው። ማታ ማታ አንድ ድምፅ ይኑር አለችኝ። እሺ እንደወደድሽ ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝና፣ መራጩ አንተ ነህ፣ እኔ አፌን አልከፍትም አለች። ቅዳሜ ጠዋት ተያይዘን ወጣን።

ሱቁ ጠባብና ረጅም ነው፤ ግድግዳው ዳር እስከ ዳር ጊታር ተሰቅሎበታል። ሻጩ ጸጉሩን ወደ ኋላ ያሰረ ቀጭን ሰው ነው፤ የአንድ እጁን አውራ ጣት ጥፍር ለመከርከሪያ ብሎ አሳድጎታል። ለልጅቷ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሚጣ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመችው። ማር የመሰለ አንድ አወረደና ራሱ ከርከር አድርጎ ሰጠኝ። ድምፁ ጥሩ ነው። ያዝኩት፣ ነካካሁት፣ ምንም አላለኝም። ጥቁሩን ሰጠኝ፣ ምንም። ጥቁር ቡናማውን ሰጠኝ፣ እሱም ያው። በእኛ ሥራ ቀለም ላይ አፍጥጦ መምረጥ ክልክል ነው። ዓይን ቶሎ ይለምዳል፣ ከለመደ በኋላ ሁሉም አንድ ነው። የእኔ ዓይን ደግሞ ለምዶ ነው የገባው። ቶሎ ተገላግዬ ልውጣ ብዬ፣ ማሩ ይሁን አልኩ።

ሚጣ ትወደዋለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ነው፣ አንቺ ምን ይመስልሻል፣ አንቺ ደስ ያለሽ ቢሆን አልኩ። ያን ጊዜ ፊቷ ተለወጠ።

«የእማዬን የመቃብር ድንጋይ እንኳን እኔ ነኝ የመረጥኩት» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ግራጫው ወይስ ጥቁሩ ብዬ ስጠይቅህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? ድንጋይ ሻጩ ራሱ አዘነልኝ። ልሂድ ስልህም ያንኑ ነው ያልከኝ። መሄዴም መቅረቴም ላንተ አንድ ነው። አንድ ነገር ምረጥ፣ አባዬ። አንድ ነገር። እንዲሁ ከወጣህ አክስቴን ዛሬውኑ ነይ እላታለሁ።»

ወጥታ ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ ቆመች። ሻጩ ያልሰማ ለመምሰል የጸዳውን ጊታር መወልወል ጀመረ። ማፈር ነበረብኝ፤ አላፈርኩም። ማዘን ነበረብኝ፤ እሱም የለም። ልጄ ከመስታወቱ ማዶ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፣ መንቀጥቀጡን አውቃለሁ፣ የማውቀው ግን በጭንቅላቴ ነው።

ግድግዳውን እንደገና ዞርኩት። ከበሩ ጀርባ፣ ጥግ ላይ፣ አንድ አረንጓዴ ጊታር አለ። ስንገባ አይቼው ፊቴን አዙሬ ነበር። የቅጠል አረንጓዴ አይደለም፣ የሣርም አይደለም። ያልበሰለ ሎሚ ልበል ብል ሎሚው ይቀየመኛል። አፍ ውስጥ ባየው ሮጬ ሐኪም የምጠራበት ቀለም ነው። ሻጩ ዓይኔን ተከትሎ ሣቀ። አንድ ጎረምሳ አዝዞት በዚያው እንደቀረ ነገረኝ። ሰው ሲገባ ይነካካዋል፣ ይስቃል፣ ይዞት ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ቡናማውን ይገዛል። ማንም አይደፍረውም አለና ሳልጠይቀው አውርዶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

ይህን ቀለም የመረጠው ማነው አልኩት። አላውቅም አለኝ። እንዴት አታውቅም፣ ሱቅህ ውስጥ አንጠልጥለህ! እንጨቱ ምን በደለ? ስንት ዓመት አድጎ፣ ስንት ዝናብ ጠጥቶ ያወጣው መልክ እያለው፣ ይህን ጉድ የሚለቀልቅበት ምን ዓይነት ልብ የሌለው ሰው ነው አልኩት። ገና አልጨረስኩም። ሰው ዓይን የለውም ወይ አልኩ፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር ከዓለም ጠፋ ወይ አልኩ፣ ሌላም ሌላም አልኩ።

ሻጩ መወልወያውን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። «ጋሼ፣ ካልወደዱት መልሰው ይስቀሉት እንጂ ለምን ይቆጣሉ?» አለኝ።

እውነትም ተቆጥቻለሁ። ጆሮዬ ግሏል። ማሩን አየሁት፣ ምንም የለም። አረንጓዴውን አየሁት፣ ደሜ ፈላ። ጥቁሩን አየሁ፣ ምንም። አረንጓዴውን፣ እንደገና ፈላ። ሐኪማችን የታመመውን ጥርስ ለማግኘት እያንዳንዱን በብረት መታ መታ እያደረገ በሽተኛው እስኪዘል ይጠብቃል፤ እኔም እንደዚያ ግድግዳውን ሙሉ ሞከርኩት። የዘለልኩት እሱ ላይ ብቻ ነው።

ይሄን እወስደዋለሁ አልኩት። ሻጩ የማሾፍ መስሎት ትንሽ ጠበቀ።

የሚሆነው ቦርሳ ስላልነበረ ራቁቱን ተሸክሜው ወጣሁ። ሚጣ ዞር ብላ ስታየው አፏ ተከፈተ፣ ከዚያ ከጎኔ መራመድ ጀመረች። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዳያየኝ የኖርኩ ሰውዬ መንገዱን ሁሉ አስቆምኩት። አንዱ ዕቃ ተሸካሚ፣ «አባባ፣ እስኪበስል አይቅመሱት!» አለኝ። ሚጣ ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን አዞረች። እኔ በንዴት እንደጦፍኩ ቤት ደረስኩ።

ሶፋው ላይ ሳጋድመው ክፍሉ ውስጥ ሌላ የሚታይ ነገር ጠፋ። ሚጣ ፊት ለፊቱ ቆመችና ወደድከው እንዴ አለችኝ። አልወደድኩትም፣ ያስጠላኛል አልኳት።

«ታዲያ ለምን ገዛኸው?»

«ሌሎቹ ምንም አላሉኝም። ይሄ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል።»

ይሄ ሰውዬ ለየለት ትላለች ብዬ ነበር። ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች፣ ጊታሩን ትንሽ ገፋ አድርጋ ለእኔም ቦታ አስተካከለችልኝ።

«ሌላስ ምን ያናድድሃል?» አለች።

ምንም ልላት ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ዶዘር ነው። ጊታሬን ሰብሮት እኔ ምንም አይደለም ማለቴ ያናድደኛል። ምንም አይደለም እንዴ? ሚስቴ የሰጠችኝ ጊታር ነው። ተገላገለች፣ አረፈች እያሉ ያጽናኑኝ ሁሉ ያናድዱኛል፤ ከምን ነው የተገላገለችው፣ ከእኛ ነው? እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። እናትሽም ታናድደኛለች አልኳት። በሽታዋን ታውቀው ነበር። ያን ያህል ወር እያመማት ጨጓራ ነው እያለች ስትደብቀን፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አብራን ስትስቅ፣ ታውቅ ነበር። መነሣት ሲያቅታት ነው የነገረችን። እንዳንጨነቅ ብላ ነው ይሉኛል። ማን ለመናት? መጨነቅ አይገባኝም ነበር? አብሬያት ልጨነቅ አይደል እንዴ ያገባኋት? እየጮህኩ ነበር። በሞተ ሰው ላይ፣ በገዛ ልጇ ፊት።

ሚጣ አልደነገጠችም።

«እኔም» አለች። «እኔም በጣም ተናድጃለሁ። በየቀኑ ነው የምናደደው። የሚሰማኝ ሰው ስላጣሁ ነው ዝም ያልኩት።»

ያን ጊዜ አመመኝ። ደረቴ ላይ፣ ጉሮሮዬ ላይ፣ የት እንደሆነ እንኳን መናገር እስኪያቅተኝ። ሚስቴ ናፈቀችኝ። ተቀብራ፣ ድንጋይ ተመርጦላት፣ ልብሷ ተሰጥቶ ካለቀ በኋላ ያን ቀን ገና ናፈቀችኝ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ስታለቅስ አየሁ፣ እኔም አለቀስኩ። ብዙ ቆየን።

አክስትሽም ታናድደኛለች አልኳት በመጨረሻ። ምን አደረገችህ አለችኝ። ልትወስድሽ ነዋ አልኳት።

«አትሂጂ» አልኳት።

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ቀና ብላ አየችኝ።

«እሄዳለሁ፣ አባዬ» አለች። «እዚህ ቤት መተንፈስ አቅቶኛል። አንተ ዛሬ ስለተናደድክ ነገሩ በአንድ ቀን አይለወጥም። እሄዳለሁ።» እጄን ያዘች። «ግን ደግመህ በለኝ።»

«አትሂጂ።»

«እንደገና።»

አልኳት።

እሁድ ጠዋት አክስቷ መጣች። ሻንጣዎቹን ተሸክሜ መኪናው ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ሚጣ ገብታ ተቀመጠች፣ መስኮቱን አወረደችና ጠበቀችኝ። አክስቷ ሞተሩን አስነስታ፣ ጎረቤቶች በየበራቸው ቆመው እያዩ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ አትሂጂ አልኳት፤ ሄደች።