የሚስ ሎሪን ቦሎቄ

«ዛሬ በዚህ ቤት ቦሎቄ ይቀቀላል» አለ ኩምሳ፣ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ በሚያነብበት ድምፁ። «እንግዳችን ካልቪን ነው። ከላይ የሚሰማ ነገር ቢኖር የውሃ ቧንቧ ነው። ተግባባን?»

ሚስቱ ትርፌ የተዘፈዘፈውን ቦሎቄ አጠለለች። ልጃቸው ሲና ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «ዳዲ፣ ኢት ኖክስ» አለች።

«ቧንቧ ያንኳኳል።»

«ኦንሊ ማሚ ቦሎቄ ስትሠራ?»

ኩምሳ ሸሚዙን ሊተኩስ ሄደ።

ይህ የኦክላንድ ቤት የሚስ ሎሪን ነበር፤ በልጅነታቸው ከሉዊዚያና የመጡ አሮጊት ነበሩ። እሳቸው ላይ፣ እነ ትርፌ ታች ይኖሩ ነበር። የአገራቸውን ቦሎቄ አሠራር ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ሽንኩርቱ አይከተፍም፤ ለሁለት ተገምሶ ይገባል። ቁሌት የለም፣ በርበሬ የለም። ትርፌ በአሳማው አጥንት ፋንታ የተጨሰ የተርኪ ዶሮ አንገት ስትጨምር አይተው እንዳላዩ አልፈዋል። የከበዳት የመጨረሻው ትእዛዝ ነበር፤ አይማሰልም። ወጥ ስታማስል ያደገች ሴት ድስት አጠገብ እጇን አጣጥፋ መቆም አትችልም። ማማሰያውን ባነሳች ቁጥር ሚስ ሎሪን ከላይ ወለሉን በምርኩዛቸው አንዴ ይመቱታል፤ ተይው ማለት ነው። ሁለቴ ከመቱ ውሃው ጎድሏል። እንዴት እንደሚያውቁ ስትጠይቃቸው፣ «ይሸተኛል» ብለዋት ነበር።

በመጋቢት ሞቱ። ልጃቸው ካልቪን የላይኛውን ቤት ዕቃ አውጥቶ ቆለፈው፤ ምርኩዙንም ወደ ሳንሆዜ ወሰደው። ማንኳኳቱ ግን አልቀረም።

ካልቪን ዛሬ የሚመጣው ቤቱን ስለመሸጡ ቁርጡን ሊነግራቸው ነው። ከሸጠው ኦክላንድ አበቃ፤ ሄይዋርድ ሄዶ እንደገና መጀመር ነው። ትርፌ የምትከራከርበት እንግሊዝኛ ስላልነበራት ቦሎቄ ጣደች።

ድስቱ መንተክተክ ሲጀምር እጇ ሳታስበው ወደ ማማሰያው ሄደ።

ጧ።

«እሺ» አለች ቀስ ብላ።

«ማንን ነው እሺ የምትዪው?» አለ ኩምሳ ከጓዳ።

«ቧንቧውን።»

ካልቪን መጥቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ሽታው ሲደርሰው አፍንጫውን ነካ ነካ አደረገ። ወደ ጣሪያው ግን ዓይኑን አላነሳም።

«ላይኛው ቤት እንዴት ነው?» አለ በእንግሊዝኛው።

«ጸጥ ያለ ነው» አለ ኩምሳ። «ኮሽ አይልም።»

«ባዶ ቤት ምን ይላል ብለህ ነው» አለና ካልቪን ከሚገባው በላይ ሳቀ። «እንግዲህ፣ ደላላው ከፕሌዘንተን ገዢ አግኝቻለሁ ይላል። ዛሬ መልስ እሰጠዋለሁ። ለእኔ ግድግዳና ጣሪያ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።»

ጧ፣ ጧ።

ሁሉም ሰምቷል። ኩምሳ ለእንግዳው ጭማቂ ቀዳ።

«ትራፊኩ እንዴት ነበር?»

«ያው ነው።»

«በዚያ በኩል መቼም ያው ነው።»

ድስቱ መያዝ ጀመረ፤ የማረር ሽታ ሳሎን ገባ። ትርፌ ልትነሣ ስትል ኩምሳ በዓይኑ አስቀመጣት። ተነሥታ ውሃ ብትጨምር፣ መመታቱን ሰማሁ ማለቷ ነው።

ጧ፣ ጧ። አሁን ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ።

ካልቪን ስለ ትራፊኩ ሊናገር የጀመረውን አቋርጦ ተነሣ። ማንንም ሳይጠይቅ ኩሽና ገባ፤ ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ በድስቱ ጠርዝ ዙሪያ ሙቅ ውሃ አፈሰሰ። ማማሰያውን አልነካም። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ጣሪያው፣

«የስ፣ ማም» አለ፤ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ።

ከላይ፣ ወንበር ከሌለበት ቤት፣ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

ጠረጴዛው ላይ የካልቪን ስልክ ነዘረ፤ ደላላው ነበር። ካልቪን መጥቶ አጠፋው። ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለ።

ሲና ቁምሳጥኑን ከፍታ ቆመች። «ሃው ሜኒ ፕሌትስ?»

ትርፌ ባሏን አየች። ካልቪንም አየው። ኩምሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አምስት» አለ። በዚህ ጊዜ ድምፁ የማስታወቂያ አልነበረም።