ስንት በሬ ይፈጃል

በሬው ባገሣ ቁጥር ዳሱ ውስጥ ወሬ ቀጥ ይላል። ንፍሮ በመዳፉ የያዘውም፣ ከጎኑ ካለው ጋር ስለ ዘንድሮ ገብስ የሚያወጋውም አንገቱን ወደ በረቱ ያዞርና "አይ ዓለምነው፣ ከብቱ ሳይቀር አለቀሰልህ" እያለ ከንፈሩን ይመጣል። የዓለምዘርፍ ግን ነገሩን ታውቀዋለች። በሬው የሚያገሣው ጌታው ስለሞተበት አይደለም፤ ስለራበው ነው። ባሏ ዓለምነው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለራሱ ራት ሳይቀርብለት ለዚህ በሬ ይቀርብለት ነበር። እሱ ከተቀበረ ወዲህ ግን በለቅሶው ወከባ መኖውን ማን ያስታውስ።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ተነሣች። ሴቶቹ ቀሚሷን ያዟት። ሰልስቱ ሳይወጣ ሐዘንተኛ በረት ገባች ሲባል ምን ይባላል፣ ሰው ሞልቶ የለም ወይ፣ አንዱ ይሂድ አሏት። የዓለምዘርፍ ድሮም ቢሆን ሰው ያላትን ሁሉ ሰምታ የምታድር ሴት አይደለችም። "ከሌላ ሰው እጅ አይበላም" አለችና ወጣች። ውሸቷን ነው፤ ያ በሬ ከማንም እጅ ይበላል።

አተላና ፋጉሎ ቀላቅላ ገንዳው ላይ ስትገለብጥለት ፈንታ ከኋላዋ ደረሰ። ፈንታ የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው። ዳሱን ያስጣለው፣ ቄሶቹን የጠራው፣ ጠላውን ከየቤቱ ያሰባሰበው እሱ ነው፤ ከቀብሩ ጀምሮ ቁጭ ብሎ አያውቅም። የበሬውን ሻኛ በእጁ ጨበጥ አድርጎ ለቀቀው።

"ለአርባው ይኼ ይበቃናል" አለ። "ሌላ ፍለጋ አንዞርም።"

"የመቅዲ ነው፣ አያ ፈንታ።"

"ምኑ ነው የመቅዲ?"

"የሚቀራት ሰዓት።"

ፈንታ ሐዘን ያስለፈልፋት ጀመር ብሎ ይሆናል፤ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርጎ ወደ ዳሱ ተመለሰ።

ሐዘን አላስለፈለፋትም። በዚያ ቤት ሰዓት የሚለካው በበሬ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ልጇ መቅዲ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ተመርቃ፣ ሥራ አጥታ ቤት የተቀመጠች ጊዜ ነው። አንድ ቀን ራት ላይ አውሮፕላን ማብረር መማር እፈልጋለሁ አለች። የዓለምዘርፍ ቀልድ መስሏት ሳቀች። መቅዲ ግን ሁሉን አጣርታ ነበር የመጣችው። አዲስ አበባ በትንንሽ አውሮፕላን የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ፤ ክፍያው በበረሩበት ሰዓት ልክ ነው፤ ሰዓቱ ሞልቶ ፈተናው ሲታለፍ የግል አብራሪነት ፈቃድ ይሰጣል፤ ደመወዝ ወደሚገኝበት ደረጃ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው። ዓለምነው ጉርሻውን እያላመጠ ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

"ስንት በሬ ይፈጃል?"

መቅዲ ትንሽ አሰበችና ነገረችው። በረቱ ውስጥ ያሉት ላይ የፈንታ ተጨምሮ፣ የጎረቤቱ ተጨምሮም አይደርስም። "እንግዲያው ቶሎ እንጀምራ" አለ ዓለምነው። እጁን ታጥቦ ወደ በረቱ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ከሮብ ገበያ ከሲታ በሬ ይገዛል፣ ያደልባል፣ በዓል ሲደርስ ደብረ ማርቆስ ወስዶ ይሸጣል፣ ብሩን ለመቅዲ ይልካል። እሷም አዲስ አበባ ሱቅ ተቀጥራ የቤት ኪራይዋንና ጉርሷን ራሷ ትችላለች፤ የበሬው ገንዘብ ለሰዓቱ ብቻ ነው። መንገድ ተዘግቶ ገበያ ሲቀዘቅዝ መሬት ላይ ትቀመጣለች፣ መንገዱ ሲከፈት እንደገና ትበራለች። ዓለምነው አንዱን በሬ አደልቦ ሲጨርስ ወገቡን ይዞ ይቆምና "ይኼኛው መነሣቱን ይችላል፤ ማረፉ ለሚቀጥለው ነው" ይላል።

የዓለምዘርፍ በዚህ ንግግር ትንጨረጨር ነበር። "ልጄን ሰማይ ላይ አንጠልጥለህ ነው ማረፊያ የምትፈልግላት?" ትለዋለች፤ የምሯን ነው። ልጅ ተምራ መምህር ትሁን፣ ነርስ ትሁን፣ ትዳር ትያዝ፤ ሰማይ ላይ ምን ጠፍቶባት ነው? የቤቱ ቆርቆሮ ያፈሳል ስትለው "ከመቅዲ በኋላ" ይላታል። ለራስህ እንኳ ደህና ጫማ ግዛ ስትለው "ከመቅዲ በኋላ።" በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተኳርፈው አንድ ቤት ውስጥ ሰው በሰው እየተላላኩ ከርመዋል።

በኋላ አንድ ዘዴ መጣላት። ሄዶ ይየው፣ ያን ነገር በዓይኑ ሲያይ ይፈራና ይተወዋል ብላ ለመቅዲ አስተማሪ አንድ ገንቦ ማር አስይዛ አዲስ አበባ ሰደደችው። ዓለምነው ጭራሽ ብሶበት መጣ። "ትንሽ ናት እኮ፤ ከባጃጅ ብዙም አትበልጥ። ከመቅዲ ጋር ከመጠለያዋ ገፍተን አወጣናት" እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራ ጀመር። አገሩ ሳቀበት። ከሁሉ በላይ የሳቀው ፈንታ ነበር። አውሮፕላን ጋሪ ነው ወይ የሚገፋ፣ ወንድሜ በስተርጅና ውሸት ጀመረ ብሎ በሰንበቴ ላይ በሰው ፊት አሳፈረው። ዓለምነው አልተከራከረም፤ ብቻ ከዚያ ወዲያ ስለ አውሮፕላኗ ለሚስቱና ለበሬው ካልሆነ ለማንም አላወራም።

አሁን ዳሱ ውስጥ ሴቶቹ ያንኑ ያነሣሉ። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸዋል። አባትየው ነበር ያቀበጣት፣ አሁንማ ታርፋለች፣ ከእንግዲህ ማን በሬ ይሸጥላታል ይላሉ። መቅዲ ጥቁር ለብሳ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ትሰማለች። የዓለምዘርፍም ትሰማለች። ይህን ወሬ ራሷ ስንት ዘመን ስታወራው ኖራለች፤ ከሰው አፍ ሲመጣ ግን ደሟ ፈላ።

ሰልስቱ ወጥቶ ሰዉ ሳሳ ሲል መቅዲ እናቷ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ በሬውን ለተዝካሩ ይረዱት" አለች። "እኔ እተወዋለሁ።"

የዓለምዘርፍ ምን ያህል እንደቀራት ጠየቀቻት። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ጠይቃት አታውቅም ነበር። መቅዲ ነገረቻት፤ የሚቀረው ጥቂት ነው። ብቻዋን ሌላ ከተማ ድረስ በርራ መመለስ፣ ቀጥሎ ፈተናው። ይህ በሬ ይጨርሰው ነበር። ለከርሞ ቢቆይ ይደርስ እንደሆን ብላ እናቷ ጠየቀች። አይደርስም። እጅ ይረሳል፤ ዓመት ተቀምጦ የመጣ ሰው የበረረውን እንደገና ይብረር ይባላል፣ ያ ማለት ደግሞ ሌላ በሬ፣ ሌላ በሬ ነው። አሁን ደግሞ የሚያደልብ የለም። ይህን ስትል መቅዲ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

የዓለምዘርፍ ነጠላውን ከልጇ ፊት ላይ ገለጠችው። "ማን ተይ አለሽ?" አለች።

በሰባተኛው ቀን ወንዶቹ ተዝካሩን ሊመክሩ ተሰበሰቡ። ፈንታ መሃል ተቀምጧል፣ የነፍስ አባታቸው መምሬ መሳፍንት በቀኙ። በአገሩ ልማድ በዚህ ምክር ላይ ሚስት ጠላ ታቀርባለች እንጂ አትናገርም። የዓለምዘርፍ ጠላውን አቀረበችና እዚያው ቆማ ቀረች።

"መምሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለነፍሱ የሚደርሰው የትኛው ነው? ፍትሐቱ ነው ሥጋው?"

መምሬ መሳፍንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደግ ሰው ናቸው፣ ሥጋም ይወዳሉ። ወደ ፈንታ አዩ፣ ወደ ጣሪያው አዩ፣ ኋላ ግን እውነቱን ተናገሩ። ለነፍሱ የሚደርሰው ጸሎቱ፣ ቅዳሴውና ለነዳያን የሚሰጠው ነው። "ሥጋው እንኳ ለእኛው ነው፣ ልጄ" አሉ። ከበሩ በኩል አንድ ሁለት ሰው ሳቅ አመለጠው።

ፈንታ አልሳቀም። ዓለምነው የአገሩን ሁሉ ተዝካር ሲበላ የኖረ ሰው ነው አለ። በቁርጡ ተቀምጦ፣ በጠላው ተቀምጦ በልቷል፣ ጠጥቷል። የሰው ሲበላ ኖሮ የራሱ ቀን ሲደርስ በዳቦና በንፍሮ ተሸኘ ሲባል፣ እኔ በየትኛው ፊቴ ገበያ ልቁም አለ። ክፋት አልነበረበትም። ወንድሙን ይወድ ነበር፣ የሚወደውን ሰው የሚያከብርበት ሌላ መንገድ አያውቅም። የዓለምዘርፍም ይህን ታውቃለች፤ ከአቋሟ ግን ንቅንቅ አላለችም።

"ጠላው ከገብሳችን፣ ዳቦው ከስንዴያችን ይወጣል። ነዳያን እስኪጠግቡ አበላለሁ" አለች። "በሬውን ግን አልሰጥም። ለድግሳችን አልነበረም ያደለበው፤ እርስዎም ያውቁታል፣ አያ ፈንታ።"

ፈንታ ዱላውን አንሥቶ ወጣ። መቅዲ ግቢው ውስጥ እህል ታሰጣ ነበር፤ ፈንታ አልፏት ሄደ፣ በሩ ጋ ደርሶ ቆመ፣ ከዚያ ተመለሰ። የዓለምዘርፍ ደጃፉ ላይ ሆና ታየዋለች።

"አንቺ ልጅ" አለ። "እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። አባትሽ አውሮፕላኗን ገፍቷታል?"

"ገፍቷታል፣ አጎቴ። ጋቢውን አውልቆ ሣሩ ላይ አስቀመጠና ገፋ። አስተማሪዬ እንዳይደክምህ ተው ቢለው፣ 'እስከ ዛሬ የገፋኋት እኔ አይደለሁም ወይ' አለው።"

ፈንታ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተበላሸበትና በጋቢው ጫፍ አፉን ያዘ። "እኔ እኮ ውሸታም አልኩት" አለ። "በሰው ፊት።" ጋቢውን ትከሻው ላይ መልሶ ሄደ።

ሮብ ለት የዓለምዘርፍ በሬውን እየሳበች ገበያ ወጣች። በዚያ አገር ሚስት ባሏ አርባው ሳይወጣ ገበያ አትታይም፣ ሴት ደግሞ ሰንጋ አትሸጥም። እሷ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት አደረገችው። መቅዲ የመንገድ ሻንጣዋን ይዛ ከኋላ ከኋላዋ ትከተላለች። የከብት ተራው ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ ግማሹ ነፍስ ይማር አለ፣ ግማሹ ቆሞ አየ። የዓለምዘርፍ አንገቷን አልደፋችም።

አበባው የሚባለው ነጋዴ በሬውን ያውቀዋል፤ ከዓለምነው እጅ ስንት ገዝቷል። ጥርሱን አየ፣ ወገቡን ዳሰሰ፣ ዋጋውም ላይ ብዙ አልተከራከረም። ብሩን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከከተተ በኋላ ግን አመነታ። የሟች ከብት ነው አለ። ነገ ወራሽ ነኝ ባይ ቢመጣብኝ ምን እመልሳለሁ፣ የወንድ ወገን ቆሞ ይመስክርልኝ አለ።

"ሚስቱ አልበቃም?" አለችው። አበባው አፍሮ መሬት መሬት አየ፣ ብሩን ግን አላወጣም። ሌሎቹም ነጋዴዎች ፈቀቅ ፈቀቅ አሉ። የዓለምዘርፍ ወደ ልጇ ለማየት ፈራች።

ፈንታ ከሰዉ መሃል ወጣ። ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንደቆመ አላወቀችም። መጥቶ በበሬው በሌላው ጎን ቆመና ዱላውን መሬት ላይ ተከለ።

"የወንድሜ በሬ ነው፤ የምትሸጠው ሚስቱ ናት" አለ። "ጥያቄ ያለው እኔን ይጠይቅ።"

ከዚያ በሬው ጀርባ ላይ አጎንብሶ ለእሷ ብቻ ተናገረ፤ ተዝካሩን በዳቦ ብቻ አላወጣም፣ የራሴን ሁለት በግ አመጣለሁ አላት። አሁንም እንደተቀየመ ነው። "ያምጡ፣ አያ ፈንታ" አለችው።

ብሩ ከአበባው እጅ ወደ የዓለምዘርፍ፣ ከየዓለምዘርፍ ወዲያው ወደ መቅዲ ጡት መያዣ ገባ። የደብረ ማርቆስ ሚኒባስ ረዳት እየተጣራ ነበር። መቅዲ ለአርባው እመለሳለሁ አለች። ስማ ስማ ልትለቃት አልቻለችም፤ እናቷ ናት ገፋ አድርጋ የላከቻት። መኪናው ዳገቱን እስኪያልፍ ድረስ ቆማ አየች።

አበባው የራሱን ገመድ ይዞ ጠበቃት። ከብት ሲሸጥ ሻጭ ገመዱን ፈትቶ ይወስዳል፤ ደንቡ ነው። የዓለምዘርፍ ወደ በሬው ቀንድ እጇን ሰደደች። ዓለምነው የቋጠረው ቋጠሮ ነው፣ በዚያ ወፍራም ጣቱ ጥርቅም አድርጎ ያሰረው። በጥፍሯ ጫፉን አገኘችና ጎተተች። ላላ አለላት። ትንሽ ብትጨምር ይፈታ ነበር።

እዚያ ገበያ መሃል፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ባሏ ናፈቃት። ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ናፍቋት አያውቅም ነበር።

ያላላችውን መልሳ አጠበቀችው። ከዚያ ገመዱን በአንዱ ቀንድ፣ ቀጥሎ በሌላው፣ ቀስ እያለች አሾልካ አወጣችው፤ ቋጠሮውንም እንደታሰረ ነጠላዋ ውስጥ ይዛ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች።