የፀሐይ ቀለም

ይሁኔ አንድ ቦታ መርጋት የማይችል ሰው ነበር። ንፋስ መውጫ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ማኅበር ሲጠጣ እንኳ ሌላው ሰው ጠላውን ይዞ ሲጫወት እሱ በር ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል። በልጅነቱ ቤተ ልሔም ዜማ ሊማር ገባና ጾመ ድጓውን ሳይጨርስ ጠፋ። ደሴ ወርዶ ለአንድ አናጢ ተላላከ፤ እሱንም ትቶ አስመራ ገባ። እዚያ ግን ያልጠበቀው ነገር ያዘው። ሙሴ ብሩኖ የሚባል ጊታር ሠሪ ጣሊያን ቀጠረውና ሰባት ዓመት ቆየ። እንጨት በእንፋሎት ማጉበጥ፣ ሙጫ ማፍላት፣ የጊታሩን ሆድ፣ የፊቱን ሳንቃ፣ ድምፅ እስኪሰጥ ማሳሳት፣ ሁሉንም ተማረ። በኋላ እናትህ ታመሙ ቢሉት ወደ ጋይንት ተመለሰ። እናቱ በሞቱ በዓመቱ አረቄ እያወጣች የምትሸጠውን ቦጋለችን አገባ። በርና ሳንዱቅ፣ አልፎ አልፎም ክራር እየሠራ ስድስት ዓመት ኖረ። ስድስት ዓመት መቀመጡን ሰው ቢነግረው ራሱም አያምንም ነበር።

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ሲገባ፣ ከደብረ ታቦር የመጣ ነጋዴ አንድ ደብዳቤ ሰጠው። ሙሴ ብሩኖ አማርኛ በሚያውቅ ሰው አስጽፎ የላከው ነው። "እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ዓይኔም ቀለም አይለይልኝም" ይላል ደብዳቤው። "የእንጨቱን ሥራ ታውቃለህ። የፀሐይ ቀለሙን ብቻህን መቀባት ከቻልህ አንድ ጊታር ሠርተህ ይዘህ ና፤ የቀለም ክፍሉን ለአንተ እሰጥሃለሁ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ካልመጣህ ሌላ ሰው እይዛለሁ።"

ቦጋለች ፊደል አልቆጠረችም። "ምን ይላል?" ብትለው፣ "ሰላምታ ነው። አንድ ጊታር ሠርተህ ላክልኝ ነው የሚለው" አላትና ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ።

የፀሐይ ቀለም የሚሉት በጊታሩ ሆድ ላይ የሚቀባ ነው። መኻሉ እንደ ደረሰ ገብስ ቢጫ ሆኖ ያበራል፤ ወደ ዳር ሲሄድ ፍም ይመስላል፤ ጠርዙ ላይ ጥቁር ይሆናል። ቢጫው የት ላይ እንዳለቀ፣ ቀዩ የት ላይ እንደጀመረ ማንም አይቶ መናገር አይችልም። ጥበቡ እሱ ነው። ሙሴ ብሩኖ ግን ቀለም ሲቀባ በሩን ከውስጥ ይቀረቅር ነበር። ይሁኔ ያየው ማታ ቤቱን ሲጠርግ ቅርጫት ውስጥ የሚያገኘውን ጨርቅ ብቻ ነው። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ደግሞ ምንም ቀለም የሌለበት። በዚያን ጊዜ ልቡ ሌላ አገር ስለነበር አልጠየቀም።

የእንጨቱ ሥራ አልከበደውም። ለጎኑ ዋንዛ፣ ለሆዱ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ የጽድ ሳንቃ ወሰደና ሐምሌ አጋማሽ ላይ ገጥሞ ጨረሰው። የቀረው ቀለሙ ነው። ቢጫው እርድ ነው። ቀዩ ከአስመራ ሲመጣ በወረቀት ጠቅልሎ የያዘው ዱቄት ነው። ጥቁሩን ለማግኘት በዝናብ ቤተ ልሔም ሄደ።

መሪጌታ ወልደ ሰንበት፣ የልጅነት መምህሩ፣ ጎጇቸው ውስጥ ብራና ሲፍቁ ደረሰ። ቀና ሳይሉ፣ "ይህ ኮቴ የይሁኔ ነው" አሉ።

"እንዴት አወቁኝ የኔታ?"

"ሁለት ጊዜ ረግጦ አንድ ጊዜ የሚያመነታ እግር ያንተ ብቻ ነው። ዛሬስ ከየት አምልጠህ ነው?"

"አላመለጥሁም። ጥቁር ቀለም ቢሰጡኝ ብዬ ነው።"

"ልትጽፍበት?"

"እንጨት ልቀባበት።"

መሪጌታ መፋቂያውን አስቀመጡ። "ጾመ ድጓው ምን ያህል ቀርቶህ ነበር?"

ይሁኔ መሬት መሬቱን አየ። "ኒቆዲሞስና ሆሣዕና።"

"ሁለት ሰንበት ቀርቶህ ሄድህ። ስትሄድ አልተቆጣሁህም። ከባዱን ሁሉ ተወጥተኸዋል፤ ሥራ ሲበዛብህ አትሸሽም። የምትነሣው ሊያልቅ ሲል ነው።" ከዚያ ከግድግዳው ከረጢት አወረዱና ከጥላሸት ተላቁጦ የደረቀ የቀለም ድቡልቡል ሦስት ቆጥረው ሰጡት። "አይርጠብብህ፤ ብብትህ ውስጥ ያዘው" አሉት።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታም ተያዘ። ይሁኔ ቀለሙን ሁሉ በኮመላካ በጠበጠ። ኮመላካ ከአስመራ ያመጣው ስስ ቅርፊት የመሰለ ደረቅ ሙጫ ነው፤ አረቄ ውስጥ ሲሟሟ እንጨት ላይ እንደ መስተዋት ያበራል። ቢጫውን ሆዱን ሁሉ አለበሰው። ዳር ዳሩን ቀይ፣ ከዚያ ጥቁር አደረገው። ቢደርቅ ጊዜ የሰፌድ ጥለት መስሎ ቀለበት ቀለበት ሠርቶ ቁጭ አለ። በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ እንደገና ቀባ። ያው ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ሲፍቅ ሆዱን በጣቱ አንኳኳው፤ ድምፁ ላልቷል። ከዚህ በላይ ቢፋቅ እንጨቱ አይሸከምም።

ያን ሰሞን ሌሊት ሌሊት ይገላበጣል፤ ቀን ቀን ጭቃውን እየረገጠ እስከ ገበያው ሄዶ ምንም ሳይገዛ ይመለሳል። ቦጋለች አረቄ የምታወጣበት እንስራ አጠገብ ተቀምጣ ታየዋለች። አንድ ቀን፣ "እግርህን ብትቀባው ይሻል ነበር፤ እሱ ነው የማያርፈው" አለችው። እሱ አልሳቀም።

ለአራተኛ ጊዜ በቀባ ዕለት፣ የአረቄውን ጠርሙስ ሲያነሣ ቡሹ ሾልኮ ኖሮ ጠብታ ቀዩና ጥቁሩ የተገናኙበት ላይ አረፈ። ይሁኔ ተበላሸ ብሎ ቀለም ባልነካው ጨርቅ ጠረግ አደረገው። ጨርቁ ያለፈበት ቦታ ላይ ድንበሩ ጠፋ። ቀዩ ወደ ጥቁሩ፣ ጥቁሩ ወደ ቀዩ ቀልጠው ገቡ። እጁን እንዳነሣ ቀረ። ቀለም የሌለበት የሙሴ ብሩኖ ጨርቅ ትዝ አለው። ለካ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እሱ ኖሯል፤ በአረቄ ረጥቦ ድንበር ሲያጠፋ የሚውል ጨርቅ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሳይቀመጥ ዋለ። ዳር ዳሩን በረጠበው ጨርቅ እያሸ፣ እየደገመ፣ እየዞረ፣ ፀሐይዋ ከጽዱ ውስጥ ስትወጣ አያት። በማግስቱ ጠዋት የመጨረሻውን ኮመላካ ከላይ አለበሰና በሩን ዘግቶ ወጣ። ማታ ሲመለስ የጊታሩ ሆድ ሁሉ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ነጥቷል።

ጊታሩ ፊት ቁጭ አለ። ቦጋለች መጥታ ከኋላው ቆመች።

"ምን ነካው?"

"እንጃ። ክረምቱ ነው መሰለኝ። ወይም እኔ።"

እሷ የአረቄውን ጠርሙስ አንሥታ አሸተተችው። ማንኪያ ላይ ጠብ አድርጋ ከምድጃው እሳት አስጠጋችው። አረቄው በሰማያዊ ነበልባል ነደደና ጠፋ። ማንኪያውን ዘቅዝቃ መዳፏ ላይ አፈሰሰችው፤ እርጥብ ነው።

"ይኸው ውሃ" አለችው። "ለጠጪ ዳግም አረቄ ይበቃል። እንጨትህ ግን የውሃ ጠጪ አይደለም። ቆይ፣ ሦስተኛ ላውጣው።"

በማግስቱ ዳግሙን መልሳ እንስራ ውስጥ ጨመረችና፣ ከምድጃው ሳትነሣ፣ ፊት ፊት የሚንጠባጠበውን ብቻ ለየች። ያ አረቄ ማንኪያ ላይ ሲነድ አንዲት ጠብታ እንኳ አላስቀረም። ይሁኔ ጨርቁን በሱ አርሶ ነጩን በስሱ ቢያሸው እየጠፋ ሄደ፤ ፀሐይዋ ከሥሩ ደኅና ናት። ኮመላካውን በአዲሱ አረቄ አሟሙቶ ደግሞ አለበሰው። ውጭ ግን በረዶ ይወርድ ነበር፤ ቤቱም ረጥቧል።

"ጎታው ባዶ ነው" አለች ቦጋለች። "የዘር ገብስ በክረምት ከሱ ወዲያ የሚያደርቀው የለም። አንጠልጥለው።"

በጎታው አፍ ላይ ዱላ አጋድመው ጊታሩን በገመድ ወደ ውስጥ አወረዱት። ከሥሩ በአመድ ላይ እሳት ያሞቀው ድንጋይ አኖረች፤ ማታና ጠዋትም ትቀይረዋለች። "አራት ቀን ክዳኑን አትከፍትም" አለችው። በሁለተኛው ቀን እጁ ክዳኑ ላይ ሳለ አገኘችውና ትኩር ብላ አየችው። እጁን አነሣ። የቀረውን ጊዜ አጥር ሲያጥር፣ የጎረቤት ሞፈር ሲጠርብ፣ ያልጠየቁትን በር ሲጠግን አሳለፈ።

በአምስተኛው ቀን አወጡት። ቦጋለች በር አጠገብ ወስዳ ወደ ብርሃን አዞረችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ መደቡ ላይ አስተኛችውና፣ "ደብዳቤውን አምጣና ከታች ያለውን አንብብልኝ" አለችው።

"አንብቤልሽ የለም እንዴ?"

"አፍህ ሲያነብልኝ ዓይንህ ወደ ታች ሄዶ ነበር። ሰኔን ሙሉ፣ ሐምሌን ሙሉ ጠበቅሁህ።"

ይሁኔ ከኪሱ አወጣው። በላብና በዝናብ እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል። እስከ መጨረሻው አነበበላት፤ ጥቅምትንም፣ የቀለም ክፍሉንም። ሲጨርስ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

"ከሰኔ ጀምሮ ካወቅሽ፣ አረቄውን ለምን አወጣሽልኝ?"

"ያልሆነለት ሰው ቤቴ ውስጥ ሲዞር ከማይ፣ የሆነለት ሲሄድ ባይ ይሻለኛል ብዬ ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁን ሌላ ነገር አስቤያለሁ። ሚስት ይዘህ አትምጣ ይላል?"

"አይልም።"

"እንግዲያው መስቀል ሲያልፍ በቅሎ እንፈልግ።"

ይሁኔ ይህን አላሰበውም ነበር። በሕይወቱ ከየትም ሲሄድ ማንንም አላማከረም፤ አብሬህ ልሂድ ያለውም የለም። አሁን ግን፣ ነገሩ ሁሉ እጁ ሲገባ፣ ምክንያት ይደረድር ጀመር። መንገዱ ጭቃ ነው አለ። ቤቱስ ምን ይሁን አለ። እርሻሽንስ ማን ይረስ አለ። እስከ ጥር ብንቆይ አለ።

"ጥር ላይ ሌላ ሰው ይይዛል፤ አሁን ያነበብኸው ነው" አለችው። "እርሻውን ወንድሜ ካሳ ያርሰዋል። መሄድ የሚወድ ሰው አንተ ብቻ ይመስልሃል። እኔ ከወገዳ ገበያ አልፌ አላውቅም። እዚህ የምቀመጠው ወድጄ አይደለም፤ ነይ ያለኝ ሰው ስለሌለ ነው።"

ይሁኔ ደብዳቤውን አጥፎ መደቡ ላይ አኖረ። "ነይ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን ተነሡ። ጊታሩን በቡልኮ ጠቅልለው በቅሎው ላይ አሰሩት። ከፊት ከፊት የምትሄደው እሷ ነበረች። ደብረ ታቦር ላይ መኪና ጠብቀው ጎንደር ገቡ፤ ሊማሊሞን ሲወርዱ ቦጋለች ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ይሁኔ ጨፍኖ ነበር። ጥቅምት በገባ በሰባተኛው ቀን አስመራ ደረሱ። ሙሴ ብሩኖ ጊታሩን ወደ መስኮቱ ወስዶ ፊቱን አስጠግቶ አየው፤ በሚንቀጠቀጥ ጣቱ ጠርዙን ዙሪያውን ሄደበት። "ወገቡ ላይ አንድ ቦታ ተጣድፈሃል" አለ፤ ይሁኔም የት እንደሆነ ያውቅ ነበር። ከዚያ ሽማግሌው የቀለም ክፍሉን ቁልፍ ከአንገቱ አውጥቶ ሰጠው።

እንደዚህ ሆኖ ዓመት ከመንፈቅ ሠራ። ቦጋለች የአረቄውን ሥራ ያዘች፤ ጥሩ ጥሩ ጊታር የሚቀባው እሷ በሚያወጣው ሆነ፤ ትግርኛም ከሱ ቀድማ ለመደች። አንድ ጠዋት ይሁኔ ጓዙን ጠቅልሎ መጣና፣ "ምጽዋ የጀልባ ሥራ አለ ይላሉ። እንውረድ" አላት።

"ሂድና እየው" አለችው ከእንስራዋ ሳትነሣ። "እኔ እዚህ ደስ ብሎኛል። አልከለክልህም፤ አልከተልህምም።"

ወጣ። መናኸሪያው ሄዶ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። ሰው ሞላ፤ ረዳቱ በሩን ዘጋ፤ ሞተሩ ተነሣ። እግሩ ወለሉን ሲመታ ሲመታ ቆይቶ፣ ድንገት፣ "አውርደኝ ወንድም፤ የረሳሁት አለ" አለና በሰዎች ጉልበት ላይ ተሻግሮ ወረደ። ለምሳ ሰዓት ቤት ደረሰ። ቦጋለች ሰሃን ጨመረች። እሱም ጓዙን ፈትቶ፣ እጁን ታጥቦ ቀረበ።