የሃያ ደቂቃ ጨለማ

«ኧረ እጄን! ኧረ ተቃጠልኩ!» ብሎ ጮኸ ዓይኑ በጥቁር ጨርቅ የታሰረው ወጣት ንድፍ ሠሪ። የነካው የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ሶኬት ላይ እንኳ አልተሰካም ነበር።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከባልደረቦቹ ሁለቱ ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹት። አሠልጣኟ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ጩኸት ሰምታዋለች፤ አንዳንዴ በር ላይ፣ አንዳንዴ ደረጃ ላይ፣ ዛሬ ደግሞ ምድጃ ላይ። ሥራዋ ዕቃ ለሚነድፉ ሰዎች አካል ጉዳትን ለጥቂት ደቂቃ ማቅመስ ነው። ሻንጣዋ ውስጥ የዓይን መሸፈኛ፣ እይታ የሚያደበዝዝ መነጽር፣ ጣት የሚያደነዝዝ ወፍራም ጓንትና እግር ላይ የሚታሰር የአሸዋ ከረጢት አለ። ያንን ሁሉ ተሸክማ አራተኛ ፎቅ የወጣችው በእግሯ ነው፤ ሊፍቱ ተበላሽቷል። ስለ አካል ጉዳተኛ የሚመከርበት ስብሰባ ለምን ሁልጊዜ ሊፍት የማይሠራበት ፎቅ ላይ እንደሚሆን መጠየቅ ካቆመች ሰነባብታለች።

«በቃህ፣ ፍታው» አለችው።

ወጣቱ ጨርቁን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ላብ አጥምቆታል።

«መምህርት፣ እነዚህ ሰዎች እንዴት ነው የሚኖሩት? እኔ ብሆን አንድ ቀን አልውልም!»

ከልቡ ነው ያዘነው። ክፋት የለበትም፤ እሷን የሚያደክማትም ይኸው ነው። ክፉን ሰው ተቆጥተው ይገላገሉታል፣ የሚያዝንልህን ሰው ግን ምን ታደርገዋለህ?

የንድፍ ክፍሉ ኃላፊ ብድግ ብሎ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «መቆለፊያ» ብሎ ጻፈ።

«እንግዲህ ሁላችንም ቀምሰነዋል» አለ። «ዓይነ ስውር ብቻውን ምድጃ መንካት የለበትም። ስለዚህ ዓይነ ስውር ባለበት ቤት ሁሉ፣ የሚያይ የቤተሰብ አባል በስልኩ ካልፈቀደ ምድጃው አይበራም። አለቀ!»

ሁሉም አጨበጨቡ። አሠልጣኟ ልትናገር እጇን አነሳችና መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው። እነሱ የሚነድፉት ይህ አዲስ ምድጃ ከሚገጠምባቸው ሕንፃዎች አንዱ እሷና ታላቅ እህቷ የሚኖሩበት ነው። እህቷ ዓይነ ስውር ሆና ነው የተወለደችው፤ የቤቱን ምግብ የምታበስለውም እሷ ናት። መቆለፊያው ከገባ ለሻይ ውሃ እንኳ ታናሿን ልታስፈቅድ ነው።

ኃላፊው ወረቀት አቀረበላት። «እዚህ ጋ ይፈርሙልን። ‹በዓይነ ስውራን ተሞክሮ ተፈትሿል› ነው የሚለው። ንድፉ ከሰዓት ፋብሪካ ይገባል።»

«መጀመሪያ ምሳ ልብላ» አለች።

ምሳ ግን አልበላችም። ኮሪደሩ ጫፍ መስኮቱ ጋ ቆማ ወደ ቤት ደወለች። በስልኩ ውስጥ የሚንጣጣ ዘይት ድምፅ ተሰማት።

«እታለም፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሽንኩርት እየጠበስኩ። ቶሎ በይ፣ ሊያርርብኝ ነው። ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። እህቷ እስክትጨርስ ሰማቻት፣ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች።

«ሳይሰካ ተቃጠልኩ አለ? ወይ ጉድ! እኔኮ የሽንኩርቱን ድምፅ ሰምቼ ነው እሳት የምቀንሰው። ያንን ለማወቅ ስንት ጊዜ ጣቴን አቃጥያለሁ፤ እሱ በሃያ ደቂቃ ሊማረው ነው?» ከዚያ ድምፅዋ ቀዘቀዘ። «አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ደክሞኛል እታለም። እኔ ባልፈርም ሌላ አሠልጣኝ ጠርተው ያስፈርማሉ።»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» አለች እህቷ። «እሺ እነሱስ አያውቁኝም። አንቺ ዘጠኝ ዓመት ያንን ሻንጣ ይዘሽ ስትመላለሺ፣ አንድ ቀን ‹ነይ አብረን እንሂድ› ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። «መንገዱ ይከብዳታል» ብላ አሠልጣኟ ለሰው ትናገር ነበር፤ እህቷ ግን በየቀኑ ከሰዓት ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ሥራዋ ትሄዳለች። እውነቱ ሌላ ነው። እህቷ አንዴ ከመጣች ሻንጣውን የሚፈልገው የለም፤ የሻንጣዋንም ባለቤት እንዲሁ። ይህን ለራሷ ስታምን የመጀመሪያዋ ነው፤ አፈረች።

«ይቅር በይኝ» አለች።

«ይቅርታሽን ማታ ትነግሪኛለሽ። ሽንኩርቱ ደርሷል።» ስልኩ ተዘጋ።

ስትመለስ ኃላፊው እስክሪብቶውን ከፍቶ ጠበቃት። ወረቀቱ ላይ ስሟ በ«ፈታሽ» ትይዩ በኮምፒዩተር ተጽፏል። ሰርዛ በላዩ የእህቷን ስም ጻፈች። የዛሬውንም ቀን ሰርዛ የነገውን አደረገችው።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አለ ኃላፊው።

«ዛሬ የፈተሸ ዓይነ ስውር የለም። ዓይናቸውን ያሰሩ ሰዎች ናቸው የነበሩት። ነገ ጠዋት ታላቅ እህቴ መጥታ እዚህ ምሳ ታበስልላችኋለች፤ እናንተ ታያላችሁ።»

«ፋብሪካው እየጠበቀን እኮ ነው! ሌላ አሠልጣኝ መጥራት እንደምንችል ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ፊርማውስ?»

«ካመነችበት ራሷ ትፈርማለች።»

ወረቀቱ ግርጌ «ረዳት» የሚል ባዶ መስመር ነበር። እዚያ ላይ የራሷን ስም ጽፋ ወረቀቱን መለሰችለት።