ባሕር የተሻገረው ቤት

ኤደልሚራ ልጇን ከትምህርት ቤት ያስቀረቻት በክፋት አይደለም፤ ይኼ ይታወቅላት። ባሏ ኤሊሴዮ ልጃቸውን ያስናን በየማለዳው በጀልባ እየቀዘፈ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ያደርሳት ነበር። አንድ ቀን አድርሷት ሲመለስ ነፋስ ተነሣና ጀልባዋ ባዶዋን መጣች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ይባል የለ? የኛ ደሴት ባሕር እንደዚያ ነው። ሐዘኑ ሳይወጣ ኤደልሚራ "ልጄ ከእንግዲህ ውሃ ላይ አትወጣም፤ የማስተምራት እኔው ነኝ" አለች፤ አበቃ። በእግር ዞሬ ልውሰዳት እንዳትል ረግረጉ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

አስተማረቻትም። ዋዛ ሴት እንዳትመስላችሁ! ማባዛቱን በድንች ክምር፣ ክፍልፋዩን በዳቦ አሳየቻት። እናት ሱፍ ስትፈትል ልጅ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ጮክ ብላ ታነብላታለች። ሁለቱም ሐዘናቸውን የረሱት በዚያ ንባብ ነው።

አንድ ቀን መምህርት ኒልዳ ልትጠይቃቸው ተሻግራ መጣች። ማዶ ያለውን ትምህርት ቤት ብቻዋን የያዘችው እሷ ናት፤ ትንሹንም ትልቁንም በአንድ ክፍል ታስተምራለች። ያስናን አስነበበቻት፣ ሒሳብ አሠራቻት፣ ጉድ አለች።

"እውነቱን ልንገርሽ፣ ከእኔ በላይ አስተምረሻታል። እኔ የአንዱን ደብተር ሳርም ሌላው መስኮት ላይ ይወጣል።"

"ታዲያ ምን ቀረባት?"

"ልጆች ቀሩባታ!"

"ልጆች ደግሞ ምን ሊያስተምሯት? ስድብ?"

"ስድብም ይሁን! ተሳድቦ፣ ተኳርፎ መታረቅን ከማን ትማር? ከአንቺ ጋርማ ብትጣላ እናቷ ነሽ፣ መልሰሽ ታቅፊያታለሽ።"

ኤደልሚራ ሳቀችና ማቴውን፣ የቅጠሉን ሻይ፣ ቀዳችላት። "ባሕሩንስ? እሱንስ አንቺ ትችይልኛለሽ?"

ኒልዳ ማቴዋን ጠጥታ ሄደች።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት ኤደልሚራ እንጨት ልታመጣ ከጓሮ ብትዞር የልጅ ጠብ ሰማች። ደነገጠች፤ ማን ልጅ መጣ? ቀስ ብላ ብታይ ያስና ድንቾቹን ደርድራ ለየአንዳንዳቸው ስም አውጥታለች። "አንቺ ነሽ የገፋሽኝ!" ትላለች በቀጭን ድምፅ። "አልገፋሁም! ውሸታም!" ትላለች በወፍራሙ። ከዚያ ራሷው አስታራቂ ሆና ሁለቱን ድንች ታሳስማለች። ኤደልሚራ እንጨቱንም ሳትይዝ ተመለሰች።

ልጅቷ ትምህርት ቤት መግባት አለባት። ግን በየቀኑ ውሃ ላይ? እሱማ እሷ በሕይወት እያለች አይሆንም። ልጅቷ በየቀኑ ከምትሻገር ቤቱ አንዴ ይሻገር!

እኛ ዘንድ ይኼ እብደት አይደለም። የቤት ቦታ አልስማማ ያለው ሰው ቤቱን ጥሎ አይሄድም፤ ይዞት ይሄዳል። ጎረቤት ለምኖ ሚንጋ የምንለውን ደቦ ይጠራል። ቤቱ የእንጨት ስለሆነ ግንድ ላይ ተጭኖ በበሬ ይጎተታል፤ ባሕር ቢመጣም በጀልባ ይሳባል። ባለቤቱ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ሌላ ክፍያ የለም። ኤደልሚራ የደሴቱ ምርጥ በሬዎች ካሏቸው ከሽማግሌው ከዶን አርቴሚዮ ደጅ ቆመች።

"ዶን አርቴሚዮ፣ ልለምንዎት መጣሁ።"

"ባል ፍለጋ ከሆነ እኔ አርጅቻለሁ።"

"ኧረ ይተዉኝ! ቤቴን ያሻግሩልኝ። ትምህርት ቤቱ ጎን።"

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጡ። "አንቺ ሴት፣ ለአንድ ደብተር ቤት ሙሉ? ልጅቷን በጀልባ ማሻገሩ አይቀልም?"

"ለእኔ አይቀልም።"

"እንግዲያው በሬዎቼ ያንቺ ናቸው።"

"ለኒልዳ ግን ማንም እንዳይነግርብኝ። ከእረፍቷ ስትመለስ ያስናን ደጃፏ ላይ ታግኛት።"

ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ሰዉ ተሰበሰበ። ቤቱ እንዲቀል በርና መስኮቱ ተነቀለ፣ ከሥሩ ባዶ በርሜል ታሰረ፤ በሬዎቹ ጎትተው ዳር ካደረሱት በኋላ የሞላው ባሕር አነሣው። ኤደልሚራና ያስና ከንጋት ጀምረው በረግረጉ ዞረው ማዶ ቆመዋል። ኤደልሚራ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታለች።

"ሰመጠ?"

"ኧረ እየመጣ ነው እማ! ጭስ ማውጫው ራሱ አልተነቃነቀም!"

ቤቱ ደረሰ፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ተተከለ። ላገዘው ሰው ግብዣ ጉድጓድ ተቆፍሮ በጋለ ድንጋይ ላይ የባሕሩ ሥጋ ከነዛጎሉ፣ የአሳማ ሥጋውና ድንቹ ተደረደረ፣ በቅጠል ተሸፈነ። ያስና የትምህርት ቤቱን መስኮት በእጇ ጋርዳ ወደ ውስጥ ስታይ "የእኔ ወንበር የትኛው ይሆን?" ትላለች። ኤሊሴዮ ከሞተ ወዲህ ኤደልሚራ ያን ቀን ያህል ደስ ብሏት አያውቅም።

ኒልዳ የመጣችው ምግቡ ሲወጣ ነው። ሻንጣዋን እንደያዘች ቤቱን አየች፤ ያስናን አየች፤ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

"ምነው? ምን ሆንሽ?"

"ዘግተውታል፣ ኤደልሚራ። የከተማዎቹ ሹሞች ትምህርት ቤቱን ዘግተውታል። ልጅ አነሰ ነው የሚሉት። የጎደለው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። እረፍቴን ሙሉ ደጃቸው ላይ ቆሜ ስለምን ከረምኩ፤ ወረቀቱ ተፈርሟል፣ ከእንግዲህ አይመለስም።"

የጎደለችው ያስና እንደነበረች ኤደልሚራ ገባት።

"ያን ቀን ቤቴ መጥተሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ባሏን ባሕር የበላባትን ሴት፣ 'ልጅሽን በዚያው ውሃ ካላሻገርሽ ትምህርት ቤት ታስዘጊያለሽ' ልበላት? እንዴት አፌን ሞልቼ!"

"እኔም ቤቴን እንደማመጣ ደበቅሁሽ" አለች ኤደልሚራ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼው ነው። ከዚህ በኋላ መማር የሚፈልግ ልጅ በትልቁ መርከብ ሰፊውን ባሕር ተሻግሮ፣ ከተማ አዳሪ ሊገባ ነው። ከሁለት ሳምንት አንዴ መጥቶ ቤተሰቡን ቢያይ ነው።

በማግስቱ መስኮቶቹን እየመለሱ ኤደልሚራ ለልጇ ሁሉንም ነገረቻት። ደህና አድርጋ ነገረቻት፣ ምንም አልሸሸገችም።

"ካልሽ ትሄጃለሽ። ካላልሽ ደግሞ እንደ በፊቱ እዚሁ ከእኔ ጋር ትማሪያለሽ።" ሁለተኛውን ስትናገር ድምፅዋ ለሰለሰ፤ አውቃ አይደለም።

"እዚያ ልጆቹ ብዙ ናቸው?"

"ብዙ ናቸው።"

"አብረው ነው የሚተኙት?"

"አብረው።"

የያስና ፊት ፈካ። ከዚያ ቀና ብላ የእናቷን ፊት አየች፤ ፈገግታዋን ሰበሰበች።

"እዚህ ይሻለኛል፣ እማ። ልጅ ሲበዛ ይረብሻል።"

ኤደልሚራ መዶሻውን እንደያዘች ቀረች። ልጇ ዋሽታ አታውቅም ነበር። ይኼን ከማን ተማረች እንዳትል፣ በዚያ ቤት አስተማሪ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ለእናቷ ስትል ደስታዋን መዋጥ፣ ለእናቷ ስትል መፍራት፤ ይኼን ሁሉ ከማባዛቱ ጋር ያስተማረቻት እሷው ናት።

"ነይ" አለቻት። "ልብስሽን አምጪ፣ አብረን እናጣጥፈው።"

"እማ፣ አልሄድም አልኩሽ እኮ!"

"ትሄጃለሽ። እኔ ነኝ ያልኩት።"

ያስና አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ኤደልሚራ የለቅሶውን ዓይነት ታውቀዋለች፤ የመገላገል ነው። እሷም እንባዋን ለቀቀችው። ከዚያ ልብሱን አንድ በአንድ አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተችላት።