ብረቱን የበላ ጨርቅ

መካኒኩ ጴጥሮስ ያን ቀለበት በካፖርቱ ኪስ ይዞ መዞር ከጀመረ ወር አልፎታል። ቡናማ ነው፤ ጨርቅ በሙጫ ተደርቦና ተጨምቆ የተሠራ፣ መዳፍ የሚሞላ ቀለበት።

ነገሩ የተጀመረው የሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ ያሆዴ መስቀላ፣ ሊገባ ሰሞን ነው። ያኔ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ዱቄት ሳያስፈጭ በዓል የሚቀበል ቤት የለም። የአቶ ዳኘ ወፍጮ ቤት ደጅ ከጊምቢቹ ሳይቀር አህያ ጭነው በመጡ ሰዎች ተጨናንቆ ሳለ፣ የወፍጮውን ዘንግ የሚያቅፈው የነሐስ ቀለበት ተሰነጠቀ። ጴጥሮስ ከአዲስ አበባ የመጣውን አዲሱን ዓይነት፣ የጨርቁን፣ ሊያስገባ ሲል ከእጁ አምልጦ አሸዋ ላይ ወደቀ። በላምባ ማጠብ ነበረበት። ሴቶቹ ግን "ኧረ ቶሎ በል፣ በዓሉ አለፈን!" እያሉ ይጮሁበታል፤ እሱም መወደስ የሚወድ ሰው ነውና በሱሪው ጠረግ ጠረግ አድርጎ መትቶ አስገባው። ወፍጮው ሲነሣ እልልታው ቀለጠ። ጴጥሮስም ደረቱን ነፍቶ ወጣ።

ጥቅምት ሲጋመስ ዘንጉ መንገጫገጭ ጀመረ። ጴጥሮስ እንደፈታው ገባው። ለስላሳው ጨርቅ አሸዋውን ውጦ፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ብረቱን ሲሞርድ ከርሟል። ቀለበቱ ደህና ነው፤ ዘንጉ ግን ጥፍር የሚያስገባ ቦይ ወጥቶለታል። ቀለበቱን ቶሎ ኪሱ ከተተው።

"ዘይት ተጠምቶ ነው" አለ፣ አቶ ዳኘን ቀና ብሎ ሳያይ።

ዘንጉን ዘይት የሚያጠጣው ኤሊያስ ነበር፤ የሦስት ልጆች አባት፣ ከጴጥሮስ ጋር በአንድ ጸሎት ቤት የሚያመልክ። "ጠዋት ማታ አጠጥቻለሁ" ብሎ ቢለምንም ማን ሰምቶት! የዚያኑ ዕለት ተባረረ።

ጴጥሮስ ሌባ አይደለም፣ ሰካራም አይደለም። እንዲያውም የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ነው፤ በጌታ እራት ጽዋ የሚያዞር። ውሸት የሚያምርበትም እንዲህ ያለው ሰው ነው። ኤሊያስ በቀን ሥራ የሰው ማሳ ሊኮተኩት ሲያልፍ ባየው ቁጥር ቀለበቱን ኪሱ ውስጥ ጨበጥ ያደርጋል። ነገ እናገራለሁ ይላል። ነገም ነገ ይላል።

የጌታ እራት እሑድ ደረሰ። በነሱ ዘንድ ቂም ይዞ ወደ ማዕዱ መቅረብ የለም፤ መጀመሪያ መታረቅ ነው። ጴጥሮስ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ኤሊያስ መጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ ደጁ ላይ ቆመ።

"ጋሼ ጴጥሮስ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ላይ ቂም ይዤ ነበር። ሳስበው፣ አንድ ቀን ዘይቱን ረስቼ ይሆናል። ትናንት ለአቶ ዳኘም ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው።"

ጴጥሮስ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቀለበት ጨበጠ። ሰውየው ያላጠፋውን አምኖ መጥቷል! በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

"ና ተከተለኝ" ብቻ አለው።

አቶ ዳኘ በረንዳቸው ላይ ብርቱካን ይልጣሉ። ጴጥሮስ የወደቀውን ቀለበት፣ አሸዋውን፣ ሁሉንም ዘረገፈላቸው። እሳቸው ሳቁ።

"ኃይለ ሥላሴ ይሙት! ጨርቅ ብረት በላ? ለጸሎት ቤት ወንድምህ ብለህ የፈጠርከው ነው። ደግ ሰው ነህ።"

ደግ መባሉ ከስድብ ባሰበት። ቢላዋቸውን ተቀበለና ጎኑን በቀለበቱ ደጋግሞ ፈተገው። የሚያብረቀርቀው ብረት ተጫጭሮ ደበዘዘ። አቶ ዳኘ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ሳቃቸው ጠፋ።

"መቼ አወቅህ?"

"የፈታሁት ዕለት።"

"ኤሊያስ፣ ነገ ሥራህ ግባ" አሉ። ከዚያ ወደ ጴጥሮስ ዞሩ። "አንተ ግን ወፍጮዬ ደጅ እንዳላይህ።"

ጴጥሮስ ቀለል አለው። ተገላገልኩ ብሎ እጁን ለኤሊያስ ዘረጋ። ኤሊያስ አልጨበጠውም። ባርኔጣውን ደፋ።

"ጋሼ፣ ጠዋት የጠየቅኩዎትን ይቅርታ ይመልሱልኝ" አለውና ሄደ።

የዚያን እሑድ ጽዋውን ሌላ ሽማግሌ አዞረው። ጴጥሮስ ጋ ሲደርስ፣ ሳይጠጣ ለጎኑ ሰው አሳለፈው።