ናኦድ የሰማው ገጽ

ፋኑኤል በ1993 ዓ.ም. ለሰፈሩ ኳስ ቡድን የኢንተርኔት ገጽ ሠርቶ ነበር። ካዛንቺስ ፈርሶ ጎረቤቱ ሲበተን፣ እሱና ልጁ ሩሐማ ኡራኤል አካባቢ ቤት ተከራዩ። ዕቃ ሲያራግፍ ያን ገጽ የያዘውን ሲዲ አገኘው።

ሩሐማ ሥራዋ ድረ ገጽ መሥራት ነው።

“ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ ይከፈታል?” አላት።

“ይከፈታል አባዬ። ገጹ የተጻፈበት ቋንቋ፣ ኤችቲኤምኤል፣ እኮ ተራ ጽሑፍ ነው። ሲያሻሽሉትም የድሮው እንዳይበላሽ ተጠንቅቀው ነው።”

እውነትም ተከፈተ። አረንጓዴው መደብ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሮጠው ጽሑፍ፣ የቡድኑ ፎቶ፣ ሁሉም አለ። አማርኛው ግን የለም፤ በቦታው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ተደርድሯል። ሩሐማ ሲዲው ላይ የነበረውን የድሮ የአማርኛ ፎንት ኮምፒውተሯ ላይ ስትጭን ፊደሉ ተስተካከለ። ፋኑኤል ደስታውን አልቻለውም፤ ወዲያው ገጹን ኢንተርኔት ላይ አስጭኖ ሊንኩን ለናኦድ አስላከው።

ናኦድ የቡድኑ በረኛ ነበር። ዓይኑን በግላኮማ ካጣ ወዲህ ስልኩ ጽሑፉን በድምፅ ያነብለታል። ብዙም ሳይቆይ ደወለ።

“ፋኑ፣ ምንድን ነው የላክልኝ? ስልኬ አበደ! ኤ፣ ፐርሰንት፣ ዩ... ይላል።”

ፋኑኤል ግራ ገባው። “እኔ ጋ እኮ አማርኛ ነው!”

“መልኩ ነው አማርኛ” አለች ሩሐማ። “ከሥር ያለው ላቲን ነው፤ ፎንቱ ነው የአማርኛ ቅርጽ የሰጠው። ስልኩ ደግሞ የሚያነበው የሥሩን ነው።” ከዚያ ኮዱን ከፈተችለት። “ሌላም ችግር አለ፤ ይኸው፣ እዚህ ጋ የርዕሱን ጽሑፍ ‘ትልቅና ቀይ ይሁን’ ብለህ አዘሃል። ‘ርዕስ ነው’ ግን አላልክም።”

“ትልቅና ቀይ ከሆነ ርዕስነቱ ይታያል አይደል እንዴ?”

“ለሚያይ ሰው።”

ፋኑኤል ወንበሩን ሳበና አጠገቧ ተቀመጠ። “ታዲያ ርዕስ ነው የሚባለው እንዴት ነው?”

“ሲጀመር እነዚህ በቅንፍ የታጠሩት ምልክቶች፣ ታጎቹ፣ የተፈጠሩት ለዚያ ነበር፤ ይሄ ርዕስ ነው፣ ይሄ አንቀጽ ነው፣ ይሄ ወደ ሌላ ገጽ ይወስዳል ለማለት። በኋላ ሰው ማሳመር ፈለገ፣ ቀለሙም መጠኑም እዚያው ውስጥ ገባ፣ ተደበላለቀ። አሁን ማሳመሩን ሲኤስኤስ የሚባል ሌላ ቋንቋ ለብቻው ይሠራዋል።”

ጽሑፉን ዛሬ ሁሉም ስልክ በሚያውቀው የአማርኛ ፊደል እንደገና ጻፉት። ርዕሱን ርዕስ፣ አንቀጹን አንቀጽ አሉት። ከፎቶው ጋርም ለማያየው ሰው የሚነበብ መግለጫ መግባት አለበት አለችው። ፋኑኤል “የቡድናችን ፎቶ” ብሎ ጻፈ።

እሑድ ናኦድ ከመስቀል ፍላወር መጥቶ ኡራኤል አንድ ካፌ ተገናኙ፤ ሩሐማም ላፕቶፗን ይዛ አብራቸው ነበረች። ናኦድ ስልኩን ጆሮው አጠገብ ይዞ በጣቱ ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለለ አዳመጠ። ፊቱ በራ። ፎቶው ላይ ሲደርስ ግን ቆመ።

“‘የቡድናችን ፎቶ።’ በቃ? ማን የት ቆሟል?”

“አጥናፉ ኳስ ይዞ ተንበርክኳል። አንተ ከኋላ፣ ከዋቅጅራ ጎን ነህ።”

“ጓንት አድርጌያለሁ?”

ፋኑኤል ላፕቶፑ ላይ ፎቶውን አጉልቶ ተጠጋ። “አንድ እጅህ ላይ ብቻ።”

“ሌላኛውን ዋቅጅራ ደብቆብኝ ነበር! እሱ እየሳቀ ነው አይደል?”

“ጥርሱ በሙሉ ይታያል።”

ናኦድ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ ሳቀ። “ይሄ ነው መጻፍ ያለበት!”

“መግለጫው አጭር ቢሆን ይመከራል ጋሼ” አለች ሩሐማ። “ታሪኩን ከፎቶው ሥር ብናደርገውስ?”

“ጥሩ፣ የሚያዩትም ያንብቡት።” ናኦድ ወደ ድምፅዋ ዞረ። “ቆይ፣ ማለቴ... እኔ ራሴ መጻፍ እችላለሁ? ይሄን ኮዱን?”

“ለምን አይችሉም? ማየት ሳይችሉ ኮድ የሚጽፉ ብዙ ሰዎች አሉ።”

ኪቦርዱን ፊቱ አደረገችለት። ጣቱን ይዛ የታጉ ምልክቶች ያሉበትን አሳየችው። እየዳበሰ የአንቀጹን መክፈቻ ታግ ጻፈ፣ ከዚያ “ጓንቴን የደበቀው ዋቅጅራ ነው” አለ፣ እሷ አማርኛውን ተየበችለት።

“አሁን የከፈትኩትን ልዝጋ?”

“አዎ፣ በስላሽ፣ ዘንበል ባለችው መስመር ይዝጉት።”

ዘጋው። ሩሐማም ኢንተርኔት ላይ ጫነችለት። ስልኩ ሲያነብለት ከጆሮው ሳያነሳ “ሌላ አንቀጽ አለኝ” አለ።